ማኔጅመንትንና ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ጎን ለጎን መማር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ

በመጀመሪያ ሰዓቱን አስሉት። አንድ የመደበኛ ተማሪ በሴሚስተር የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ነው። አንዱ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ያህል ሥራ ተደርጎ ይታሰባል፤ ክፍል የምትቀመጡበት፣ ላይብረሪ የምታነቡበት፣ አሳይመንት የምትሠሩበት ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። 30 በ27 ሲባዛ 810 ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 50 ሰዓት ተኩል ግድም ይሆናል። በዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጡ ሦስት ኮርሶች፣ ማለትም 15 ኢሲቲኤስ፣ ሲጨመሩ ሌላ 25 ሰዓት ይመጣል። ድምሩ በሳምንት 76 ሰዓት ነው፤ ሰባቱንም ቀን ሳያርፉ በቀን 11 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ማኔጅመንትን በመደበኛ፣ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ደግሞ በኤክስቴንሽን ይዤ እወጣዋለሁ የሚል ተማሪ ይህን ቁጥር ሳያይ መመዝገብ የለበትም። የሚወጡት አሉ። ከሌላው የሚለያቸው ጉብዝና ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ትምህርቶች የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ ቀድመው ስለሚያውቁ የአንዱን ንባብ ለሌላው ይጠቀሙበታል።

በወሎ ምድር ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ደግሞ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ። የትኛው ፕሮግራም በመደበኛ፣ የትኛው በኤክስቴንሽን እንደሚከፈት ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ የኤክስቴንሽን ክፍል በቂ ሰው ካልተመዘገበ ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ ያምና ተመራቂን ሳይሆን ሬጅስትራርን ጠይቁ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ እንዳልሆነ እወቁ። ፈቃዱ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ደሴ ቅርንጫፍ ላይ ላይኖረው ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የፈቃዱን ወረቀት፣ የመስኩን ስምና የሚያበቃበትን ቀን በዓይናችሁ እዩ።

ጎን ለጎን መሮጥ ግን ብቸኛው መንገድ አይደለም። አንዱን ጨርሶ ሌላውን በኋላ መያዝ አለ፤ በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይም በዲፕሎማሲ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠልም አለ። ለዚህኛው ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የሚባለውን፣ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ክፍሉም መስክህ አይመጥንም ሊል ስለሚችል የመግቢያ መስፈርቱን ቀድሞ ማየት ግድ ነው። የቤተሰብ ሸክም ላለበት፣ ወይም ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጂፒኤው ከ2.75 ላልዘለለ ተማሪ ተራ በተራ መማሩ ይሻላል ብለን እናምናለን። ሁለት ደካማ ዲግሪ ከአንድ ጠንካራ ዲግሪ ያነሰ በር ይከፍታል።

ጎን ለጎን የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚያተርፈው በኤግዘምፕሽን ነው፤ በአንዱ የተማሩትን ኮርስ በሌላው ዳግም ሳይማሩ ማስያዝ ማለት ነው። የፍሬሽማን ኮርሶች ለሁለቱም የጋራ ናቸው፦ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ግሎባል ትሬንድስ፣ አንትረፕረነርሺፕ። እነዚህን ሁለት ጊዜ መማር ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። ሲጠየቅ የሚቀርቡት ማኅተም ያለበት የግሬድ ሪፖርትና የእያንዳንዱ ኮርስ አውትላይን ናቸው። ብዙውን ጊዜ ማመልከቻው ውድቅ የሚሆንባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ግሬዱ ከሲ ያነሰ ሲሆን፣ የተወሰደው ኮርስ ኢሲቲኤሱ ከሚጠየቀው ሲያንስ፣ ወይም ጥያቄው ከምዝገባ በኋላ ሲቀርብ። ሦስተኛው የራስ ጥፋት ነው፤ ኮርሱ ከተመዘገበና ከተከፈለበት በኋላ የሚመልስላችሁ ቢሮ አታገኙም።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ «በማኔጅመንት ወይም ተመሳሳይ» ሲል፣ የሰው ሀብት ባለሙያው የሚያስተያየው የመስኩን ስም ከዝርዝር ጋር ነው፤ ትራንስክሪፕት ውስጥ ምን ምን ኮርስ እንዳለ አይቆጥርም። ባንኮችም እንዲሁ፤ ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ብለው ይዘረዝራሉ። በአንጻሩ ሰብዓዊ ድርጅቶች ለግዥና ለሎጂስቲክስ ማኔጅመንትን፣ ለግጭት ትንተናና ለመንግሥት ግንኙነት ፖለቲካል ሳይንስን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱን የያዘ ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለአብዛኛው የወሎ ተማሪ ማኔጅመንት በመደበኛ ቢሆን፣ ፖለቲካል ሳይንስ ቢከተል የምንመርጠው ለዚህ ነው። ከሥሌት የሚሸሽ ሰው ግን ቢገለብጠው አይጎዳም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁለቱን አብረው የሚማሩ ልጆች የሚወድቁት ትምህርቱ ስለሚከብድ ብዙም አይደለም፤ ማኔጅመንትን እንደ ፖለቲካ፣ ፖለቲካን እንደ ማኔጅመንት ስለሚያጠኑ ነው። የማኔጅመንት ፈተና የሚጠይቀው ትርጉም፣ ቅደም ተከተልና ሥሌት ነው። የማኔጅመንት ሊቁ ፋዮል 14 መርሆዎች ተብለው ከተጠየቁ 14ቱ ናቸው፤ 11 ጽፎ በሦስት ገጽ ሐተታ ማካካስ አይቻልም። ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ላይ መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ካልታየ ግማሽ ነጥብ ይሄዳል። የፖለቲካል ሳይንስ ፈተና ግን ክርክር ይፈልጋል። «ሪያሊዝምን አብራራ» ሲባል አምስት ነጥብ ቁልቁል ደርድሮ መውጣት የማኔጅመንት ልማድ ነው፤ መምህሩ የሚፈልገው የንድፈ ሐሳቡን መነሻ፣ አንድ እውነተኛ ጉዳይ፣ ንድፈ ሐሳቡ ጉዳዩን የቱ ድረስ እንደሚያስረዳና የማያስረዳው ምን እንደሆነ ነው። አራተኛው ክፍል ሲጎድል ወረቀቱ ቢ ላይ ይቆማል። በአንድ ቀን ሁለቱንም የምታጠኑ ከሆነ በመካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እረፍት አድርጉ፤ አእምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሎ ሲገባ የአጻጻፉን ልማድ ይዞ ይሻገራልና።

መገናኛቸውን ለማየት ኮምቦልቻን ያህል የሚመች ቦታ የለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። እንዲህ ያሉ ፓርኮች ሲታሰቡ አንዱ ስሌት የተሠራው አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ላይ ነበር፤ ሕጉ ከተመረጡ የአፍሪካ አገሮች የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጣች፤ አሜሪካ ምክንያቴ ያለችው በሰሜኑ ጦርነት ተፈጸሙ ያለቻቸውን የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ነው። ይህን አንድ ክስተት በሁለቱም ዓይን እዩት።

የማኔጅመንት ተማሪ ከዋጋ ይጀምራል። ከጥጥ ሹራብ ጨርቅ የሚሰፋ ቲሸርት መደበኛው የአሜሪካ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነበር። አራት ዶላር የሚያወጣ ቲሸርት ላይ 66 ሳንቲም ይጨመራል ማለት ነው። በስፌት ሥራ የአንድ ቁራጭ ትርፍ ከዚህ የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ወይ ዋጋ ያስቀንሳል ወይ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። ቀጥሎ ስለ ስትራቴጂ ይጠይቃል፦ ለምን በአንድ ገበያ ላይ ብቻ ተንጠለጠልን? የፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ሌላ ቦታ ይጀምራል። ሪያሊስቱ ንግድ የኃይል መሣሪያ መሆኑን ያሳያል፤ ሊበራሉ መተሳሰር አገሮችን በጋራ ደንብ እንደሚያስር፣ ደንቡ ሲጣስም ዋጋ እንደሚያስከፍል ይከራከራል፤ የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ ተከታይ ደግሞ ጥያቄውን ይገለብጠዋል፦ ገበያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው አንድ ወገን ብቻ ሲሆን መጀመሪያውኑ ልውውጡ እኩል ነበር ወይ? ሁለቱን ያጣመረ ተማሪ የሚጽፈው ወረቀት ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የቀረጡን 66 ሳንቲም ከልብስ ሰፊዋ ልጅ ደመወዝ እስከ ዋሽንግተን ውሳኔ ድረስ ሊከተለው ይችላል።

ይህ መገናኛ በቁጥርም ይገባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ስለማይሞክረው በዝርዝር እናስቀምጠው። በ500,000 ብር የስፌት መኪና ተገዝቶ በየዓመቱ 200,000 ብር ለአራት ዓመት ያስገባል እንበል። የመቀነሻ ምጣኔው (የወደፊቱን ገቢ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚያወርደው) 18 በመቶ ቢሆን የአራቱ ዓመት ገቢ የዛሬ ዋጋ 538,000 ብር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ 500,000ው ሲቀነስ የሚቀረው ኔት ፕሬዘንት ቫልዩ 38,000 ብር ትርፍ ያሳያል፤ ፕሮጀክቱ ይያዝ። አሁን የፖለቲካ ሥጋት ተንትናችሁ መንገድ ሊዘጋ፣ ምንዛሪ ሊጠፋ፣ ፈቃድ ሊታገድ ይችላል ብላችሁ በምጣኔው ላይ ስድስት በመቶ ብትጨምሩ፣ 24 በመቶ ላይ የገቢው የዛሬ ዋጋ 480,900 ብር አካባቢ ይወርዳል፤ ከ19,000 ብር በላይ ኪሳራ፤ ፕሮጀክቱ ይቅር። መኪናው አልተለወጠም፣ ሠራተኛው አልተለወጠም። የፋይናንሺያል ማኔጅመንት መምህር ምጣኔውን ሰጥቶ ያስላችኋል፤ ምጣኔው ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ ግን የኮምፓራቲቭ ፖለቲክሱ ኮርስ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ተማሪው ሥጋቱን ሁለት ጊዜ ሲቆጥር ነው፤ ገቢውን ዝቅ አድርጎ ምጣኔውንም ከፍ ያደርጋል። አንዱን ምረጡ፣ የመረጣችሁትንም ጻፉ።

ምንዛሪም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 10,000 ዶላር የሚያወጣ ጥሬ ዕቃ ከ570,000 ብር ወደ አንድ ሚሊዮን ሄደ ማለት ነው። ለኢንተርናሽናል ፖለቲካል ኢኮኖሚ ኮርስ ይህ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድርና ቅድመ ሁኔታ ጋር የሚነሳ ርዕስ ነው፤ ለማቴሪያልስ ማኔጅመንት ኮርስ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ስንት ወር የሚበቃ ክምችት ይያዝ የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ አንብባችሁ ሁለት አሳይመንት ታወጡበታላችሁ። ወረቀቱን ግን ገልብጣችሁ ለሁለት መምህር አታስገቡ፤ የራስን ጽሑፍ ዳግም ማስገባትም እንደ መኮረጅ ይቆጠራል።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ አለ፤ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት። ሁሉም ሰው አንቀጽ 17ን ያውቃል፦ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ፤ ነገሩ እስከ ዐድዋ ደረሰ። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮርስ ላይ ይህን ስለ ሉዓላዊነት መጻፍ የታወቀ ነው። የማኔጅመንት ተማሪ ግን የቢዝነስ ሎው ጥያቄ ይጨምርበታል፦ ውል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ የትኛው ቅጂ ገዢ ነው? ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚፈረም የአቅርቦት ውልም ይህን አንቀጽ ካጣ ጠቡ ያው ነው። የመስክ ጉብኝት ሲደረግ ፎቶ ተነስቶ ከመመለስ የውሉን ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይጠቅማል።

ከሁሉ ይልቅ ሁለቱን ትምህርቶች አንድ የሚያደርጋቸው ግን የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ነው፤ በዚህ ላይ ጥናት ሳያነቡ ከወሎ መመረቅ አይገባም እንላለን። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ነገር የማርኬቲንግ ተማሪን ሁሉ ያስደነግጣል፦ ሰው በረሃብ ሲያልቅ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፣ ጭራሽ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እህል ይወጣ ነበር። ምክንያቱም የተራበው ገበሬ የሚሸጠው አልነበረውም፣ ከብቱም ዋጋ አጥቶበታል፤ ፍላጎት አለው፣ የመግዛት አቅም የለውም። ገበያ የሚሰማው አቅም ያለውን ፍላጎት ብቻ ነው። የገበያን ትምህርት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። የፖለቲካው ክፍል ደግሞ መንግሥት ረሃቡን መደበቁ፣ የተራበው ሰው የሚሰማለት ምክር ቤትም ጋዜጣም ማጣቱ፣ ነገሩ ሲጋለጥም ለ1966ቱ አብዮት አንዱ ገፊ ምክንያት መሆኑ ነው። ፐብሊክ ፖሊሲ ኮርስ ላይ ይህን ጉዳይ የሚመርጥ ተማሪ የአያቶቹን ምስክርነት በቅርብ ያገኛል። ሲጠይቅ ግን በጥንቃቄ ይሁን፤ ቃለ መጠይቅ ከመሆኑ በፊት ሐዘን ነው።

ተመሳሳይ ቃል የተለያየ ትርጉም የሚይዝባቸውን ቦታዎች በተለየ ደብተር ያዙ፤ የመውጫ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥሉት እነዚህ ናቸው። ዲሴንትራላይዜሽን በማኔጅመንት የበላይ ኃላፊ ሥልጣኑን ወደ ታች ሲያካፍል ነው፤ ሲፈልግ ይመልሰዋል። ፌዴራሊዝም ግን እንደዚያ አይደለም፤ የክልል ሥልጣን የሚመነጨው ከሕገ መንግሥቱ ስለሆነ ማዕከሉ ብቻውን ሊወስደው አይችልም። ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ የጻፈ ተማሪ ኮርሱን በሙሉ እንዳልገባው ይታሰብበታል። ዩኒታሪ የሚለው ቃል በሰው ሀብት አስተዳደር አሠሪና ሠራተኛ አንድ ዓላማ አላቸው የሚል አመለካከት ነው፤ በፖለቲካ ደግሞ አሐዳዊ መንግሥት። ፖሊሲም ለአንዱ የድርጅት ውስጣዊ መመሪያ፣ ለሌላው የመንግሥት ተግባር ነው። በተቃራኒው ማክስ ዌበር ለሁለቱም አንድ ሰው ነው፤ ማኔጅመንቱ ቢሮክራሲውን ብቻ ቆርጦ ያስተምራል፣ ፖለቲካው ሦስቱን የቅቡልነት ዓይነቶች ያስተምራል፤ ዌበር ቢሮክራሲን ያመጣው ግን ሕጋዊውን ቅቡልነት ለማስረዳት ስለሆነ አንድ ላይ ያነበበው በሁለቱም ይበልጣል። የእስረኞች አጣብቂኝ የሚባለው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብም በኦፕሬሽንስ ሪሰርችና በጦር መሣሪያ ውድድር ንባብ ውስጥ ያው አንድ ሰንጠረዥ ነው።

ስለ ሃንዳውት አንድ ነገር። ግቢ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጡት ሃንዳውት ከዓመታት በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን ተለውጧል። የሰው ሀብት አስተዳደር ሃንዳውታችሁ አዋጅ ቁጥር 377/96ን የሚጠቅስ ከሆነ ተሽሯል፤ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ልዩነቱ ፈተና ላይ ይመጣል፦ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን የነበረው 60 የሥራ ቀን ሆኗል፣ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን አድጓል፣ የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ ነው። የቢዝነስ ሎው ሃንዳውት የ1952ቱን የንግድ ሕግ የሚያስተምር ከሆነም እንዲሁ፤ የነጋዴዎች፣ የንግድ ማኅበራትና የኪሳራ ክፍሎቹ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም የሚችለው በአዲሱ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጁ 1180/2012 ነው። በፖለቲካው በኩል ሕገ መንግሥቱን ራሱን አንብቡ፤ 106 አንቀጽ ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። አንቀጽ 9 ንዑስ 4፣ 39፣ 51፣ 52፣ 62ና 86 በቃል መያዝ ያለባቸው ናቸው፤ ሌላው የት እንዳለ ማወቅ ይበቃል።

የሳምንቱ ፕሮግራም ሲወጣ ሥሌት ያለባቸው ኮርሶች ጠዋት ይሁኑ፣ ንባቡ ከሰዓት፣ ጽሑፉ ማታ። ሥሌት በየቀኑ 45 ደቂቃ፣ ሳይዘለል፤ ሂሳብ ለፈተና ሳምንት አይጠራቀምም። የፖለቲካ ንባብ ደግሞ በተቃራኒው ተቆራርጦ አይገባም፤ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሰዓት ያልተቋረጠ ጊዜ ይፈልጋል። ደሴ የሚኖር፣ ኮምቦልቻ የሚማር (ወይም በተቃራኒው) የሐረጎን መንገድ ይቁጠር፤ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጉም ሲወርድና ሚኒባስ እስኪሞላ ሲጠበቅ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይበላል። የጥናት ቡድን ስትመሠርቱ ጾሙን አስቡ፤ ረመዳን ላይ ኢፍጣርና ተራዊህ ማታውን ይይዙታል፣ ዐቢይ ጾም ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ ከሰዓት ነው። የወሎ ተማሪ ሁለቱንም በአንድ ቡድን ይዞ ማጥናት የለመደ ነው፤ ሰዓቱን ቀድሞ መስማማት ብቻ ነው። አራት ሰው ይበቃል፤ ከስድስት ካለፈ ጨዋታ ይሆናል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስላይዱን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሁለቱን ማዋሃድ ያምራል፤ አማካሪያችሁ ግን የአንድ ትምህርት ክፍል ሰው ነው። ርዕሱ የእሱ መስክ ይሁን፣ የሌላው መስክ ንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ ሁለት ውስጥ በአንድ ንዑስ ክፍል ይግባ። ወሎ ውስጥ ሞልተው የተቀመጡ ርዕሶች አሉ። ቂሬ (የወሎ እድር) አባላት ያሉት፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ዳኛ የሚመርጥ፣ ደንብ የጣሰውን የሚቀጣ ድርጅት ነው፤ ለማኔጅመንት የድርጅት ጥናት፣ ለፖለቲካ የአስተዳደር ጥናት ይሆናል። አባጋሮች (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ደም ሲያደርቁ የሚሄዱበት ሥርዓት የሰላምና ግጭት ኮርስን በሙሉ ይሸከማል። የባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛውንና አፋሩን የሚያገናኝ ነው፤ መንገዱ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ስለሚቀጥል የሎጂስቲክስም የጎረቤት ግንኙነትም ርዕስ ይወጣዋል።

የሚበላሸው ርዕሱ ሲሰፋ ነው። «የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሚና በኢትዮጵያ» በአንድ ሴሚስተር አያልቅም፤ «የሠራተኛ ፍልሰት ምክንያት በአንድ የስፌት ፋብሪካ» ያልቃል። የናሙና ብዛት ለማውጣት የያማኔ ቀመር ብዙ ጊዜ ይበቃል፦ የሠራተኛው ብዛት 400፣ የስህተት መጠኑ 0.05 ቢሆን 400 ሲካፈል ለ(1 ሲደመር 400 በ0.0025)፤ መልሱ 200 ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍሉ ከሁለት ወር በፊት አውጡ፤ ፋብሪካ ውስጥ ለመግባት ፈቃዱ ሳምንታት ይወስዳል። መጠይቁን በአማርኛ ተርጉሙት፤ በእንግሊዝኛ የተሰጠ መጠይቅ ላይ ሠራተኛዋ ያልገባትን ታከብባለች። ገጠር ወርዳችሁ ሽማግሌ ስትጠይቁ «አንቱ» በሉ፣ መቅጃውን ከማብራታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ቡናው ሳይወርድ ጥያቄ አትጀምሩ። ሰዎቹ የሚያወሩላችሁ በዚያ ልክ ነው።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ግዴታ ነው፤ ለኤክስቴንሽን ተማሪም። ፈተናው 100 የምርጫ ጥያቄ አለው፣ በኮምፒውተር ይሰጣል፣ ማለፊያው 50 ነው። ሁለት ዲግሪ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ይፈተናል። በተቻለ መጠን የሁለቱ መመረቂያ በአንድ ወቅት እንዳይገጥም አድርጉ፤ የኤክስቴንሽኑ ፕሮግራም በተፈጥሮው ስለሚረዝም ብዙ ጊዜ ራሱ ይለያያል። ዝግጅት የሚጀመረው ከፈተናው ንድፍ ነው፤ የትኛው ኮርስ ስንት ጥያቄ እንደሚይዝ ይናገራል፣ ትምህርት ክፍሉ ይሰጣል። ጥናቱን ብዙ ጥያቄ ከሚመጣበት ጀምሩ። የምትወዱት ኮርስ ሁለት ጥያቄ ብቻ ሊኖረው ይችላል።

በመጨረሻም ወረቀት። በመደበኛ የተማረ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ፈርሟል፤ ዕዳው እስኪጠናቀቅ የሚሰጠው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ነው፣ ኦሪጅናሉ ይቆያል። ክሊራንስ ስትጨርሱ የኤክስቴንሽኑ የላይብረሪ መዝገብ ለብቻው መሆኑን አረጋግጡ፤ አንድ ያልተመለሰ መጽሐፍ ሁለተኛውን ዲግሪ ያዘገየዋል። ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት የወሰዳችሁትን ኮርስ ሁሉ አውትላይን ማኅተም አስመትታችሁ ሁለት ሁለት ቅጂ ያዙ፤ ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክቱ ይጠየቃል፣ ከዓመታት በኋላ ደሴ ድረስ ተመልሶ ማስፈለግ ቀላል አይደለም።